ክላውድ ኮምፒዩቲንግ፡ መዝገብ ከቢሮ ውጪ ሲቀመጥ

ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚያቆለቁልበት ስፍራ የተቆረቆረች የገበያ ከተማ ናት። ሰኞ ሰኞ በሚውለው ገበያዋ የአፋር፣ የኦሮሞና የአማራ ገበያተኞች ግመል፣ ከብት፣ ፍየልና እህል ይገበያያሉ። በዚህ ገበያ ግመል የሸጠ አርብቶ አደር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ቴሌብር ክፍያውን ሊቀበል ይችላል። ወደ መንደሩ ሲመለስ ስልኩ ቢጠፋበት ገንዘቡ አብሮ አይጠፋም፤ ሲም ካርዱን አስተክቶ በሌላ ስልክ ሲገባ ሒሳቡን እንደነበረ ያገኘዋል። ሒሳቡ የተመዘገበው በእጁ በያዘው ስልክ ላይ ሳይሆን ርቆ በሚገኝ የመረጃ ማዕከል ውስጥ ነውና።

ክላውድ ኮምፒዩቲንግ፣ አንዳንዶች “የደመና ቴክኖሎጂ” የሚሉት አሠራር፣ ይህንኑ ሐሳብ ወደ መሥሪያ ቤትና ወደ ንግድ ድርጅት የሚያመጣ ነው። ስሙ እንደሚያስመስለው መረጃው በሰማይ የሚንሳፈፍ አይደለም። ሰርቨሮች በተደረደሩበት፣ ያለማቋረጥ ኃይልና ማቀዝቀዣ በሚያገኝ ሕንፃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ተጠቃሚው በኔትወርክ አማካይነት ይደርስበታል። ከወፍጮ ቤት ጋር ማነጻጸር ይቻላል። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ወፍጮ አይተክልም፤ እህሉን ወስዶ ባስፈጨው መጠን ይከፍላል፣ የሞተሩ ጥገናም የባለወፍጮው ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ፍቺ ውስጥም ተጠቃሚው በፈለገ ጊዜ ራሱ አዝዞ ማግኘቱ፣ መጠኑን መጨመርና መቀነስ መቻሉ፣ እንዲሁም የተጠቀመው ተለክቶ መታወቁ ዋና መለያዎች ሆነው ተቀምጠዋል።

አገልግሎቱ በሦስት ደረጃ ይቀርባል። አንዱ ባዶ ሰርቨርና ማከማቻ ማከራየት ነው፤ ሁለተኛው ባለሙያዎች ፕሮግራም የሚያበለጽጉበትን መድረክ ማቅረብ ሲሆን፣ ሦስተኛው እንደ ኢሜይልና የሒሳብ መዝገብ ያለ የተጠናቀቀ ሶፍትዌር መስጠት ነው። ለአብዛኛው አነስተኛ ነጋዴና ጽሕፈት ቤት የሚጠቅመው ሦስተኛው ነው። በከሚሴ መድኃኒት ቤት ያለው ነጋዴ በባቲ ቅርንጫፍ ቢከፍት፣ የሁለቱን ክምችት በአንድ መዝገብ ለማየት ሰርቨር፣ ጄኔሬተርና የኮምፒዩተር ባለሙያ ማሟላት አይጠበቅበትም።

የኮምፒዩተር አቅምን ከማዕከል ማከፋፈል ለአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረው ወረዳ ኔት ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ለማስተሳሰር የተዘረጋ ነበር። ይሁንና ብዙዎች የሚያስታውሱት በቪዲዮ የሚካሄደውን ስብሰባ ነው፤ የዕለት ተዕለቱ ፋይል በየመደርደሪያው እንደተቀመጠ ቀርቷል።

የዚህ ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ታይቷል። ጦርነቱ ኮምቦልቻን፣ ባቲንና ከሚሴን ባዳረሰበት ወቅት በክልሉ በርካታ የመንግሥት ተቋማት ዘረፋና ውድመት ደርሶባቸዋል። የተወሰደ ኮምፒዩተር በበጀት ይተካል። በአንድ ቅጂ ብቻ የነበረ የይዞታ ማኅደር ወይም የሠራተኛ የግል ፋይል ግን የሚተካው በባለጉዳዩ ምስክርና በዓመታት ድካም ነው። ሌላ ቅጂ በሌላ ከተማ ቢኖር ኖሮ የሚለው ቁጭት ከዚህ ይነሳል።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ምክሩ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረዥም ጊዜ ቆይቷል። መዝገቡን ሙሉ በሙሉ በክላውድ ያደረገና በሞባይል መስመር ብቻ የሚሠራ ድርጅት በእንዲህ ያለ ጊዜ መረጃው ሳይጠፋ በሩ ይዘጋበታል። ስለዚህ ለአካባቢው የሚበጀው መስመር ሲኖር ከማዕከል ጋር የሚናበብ፣ ሲቋረጥም በቢሮው ኮምፒዩተር ላይ የሚቀጥል አሠራር ነው። የፋይናንስ ባለሙያዎች ኔትወርክ በሌለባቸው ወረዳዎች አይቤክስን ለብቻው በቆመ ኮምፒዩተር ላይ ሲያሠሩ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ልምድ አግኝተዋል።

ሁሉንም በአንድ ማዕከል ማከማቸትም የራሱ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 በደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ በሚገኘው የመንግሥት መረጃ ማዕከል የተነሳ እሳት 709 የመንግሥት የኮምፒዩተር ሥርዓቶችን አስቁሟል። የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዶቻቸውን ያስቀመጡበት 858 ቴራ ባይት መረጃም በሌላ ስፍራ ቅጂ ስላልነበረው ወድሟል። በቴክኖሎጂ ከቀደሙት አገሮች አንዷ በሆነችው ኮሪያ ይህ መድረሱ፣ “ክላውድ ነው” የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን ያሳያል። ውል የሚፈርም ኃላፊ ቅጂው በስንት ስፍራ እንደሚቀመጥ፣ በምን ያህል ሰዓት እንደሚመለስና ውሉ ሲቋረጥ መረጃው በምን መልክ እንደሚረከብ በጽሑፍ ሊጠይቅ ይገባል።

የዋጋውም ነገር ቀላል አይደለም። የውጭ አቅራቢዎች ሒሳባቸውን በዶላር ይጠይቃሉ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 ብር በላይ ሲደርስ፣ ያው የወር ክፍያ በብር ሲሰላ እጥፍ ወደመሆን ተቃርቧል። በአገር ውስጥ ኢትዮ ቴሌኮም በቴሌክላውድ ስም አገልግሎት የሚሰጥ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክም እንደ ዊንጉና ራክሲዮ ያሉ የግል መረጃ ማዕከላት ተቋቁመዋል።

በሕግ በኩል የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የዜጎችን መረጃ የሚይዝ ተቋም ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃውን ለሌላ ድርጅት ማከራየት ኃላፊነቱን አብሮ አያከራይም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ጉዳይ ይቀራል። በዞኑ ጽሕፈት ቤቶች ሰነድ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይጻፋል። በላቲን ፊደል የተጻፈው ሲዛወር ችግር የለበትም። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የቀድሞ ፎንቶች የተተየበው የአማርኛ ደብዳቤ ግን ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናል፤ በቃል ፈልጎ ማግኘትም አይቻልም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ የተካተተ በመሆኑ አሮጌዎቹን ፋይሎች ወደዚያ መለወጥ ከዝውውሩ በፊት የሚጠናቀቅ ተግባር ነው። ለዚህ የኢንተርኔት መስመርም ሆነ የክላውድ ውል አያስፈልግም፤ ፋይሎቹን የሚያውቅ የመዝገብ ቤት ሠራተኛና አንድ ኮምፒዩተር ይበቃሉ።