የብረታ ብረት ምርመራ ጊዜ የት ይሄዳል? በአፈርና በውኃ ናሙናዎች ላይ የቤተ ሙከራን ሥራ ስለ ማቀላጠፍ

የአፈር ወይም የውኃ ናሙና የከባድ ብረቶች ምርመራ ውጤት ሲዘገይ፣ ወቀሳው ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በመሣሪያው ላይ ነው። መሣሪያው አርጅቷል፣ አንድ ብቻ ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው ይባላል። ይሁን እንጂ ናሙናው ቤተ ሙከራ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ውጤቱ እስኪፈረም ድረስ የሚያልፍበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ የተከታተለ ሰው፣ መሣሪያው ከጠቅላላው ጊዜ የሚወስደው ድርሻ አነስተኛ መሆኑን ይረዳል። በነበልባል የሚሠራ የአቶሚክ አብዞርፕሽን መሣሪያ በአንድ ሙሙት ውስጥ አንድን ንጥረ ነገር ለማንበብ የሚያስፈልገው ጥቂት ሰከንዶች ነው። ያንን ሙሙት ለንባብ ማዘጋጀት ግን ቀናትን ሊጠይቅ ይችላል።

በአቃቂ ወንዝ ዳር ከሚገኝ የአትክልት ማሳ የተወሰደ አፈር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ትንሹና ትልቁ አቃቂ የአዲስ አበባን ፍሳሽ ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በዳርቻቸው ላይ ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ በመስኖ ይለማል። ናሙናው እርጥብ ሆኖ ይመጣና በአየር ይደርቃል። ሜርኩሪ የሚመረመር ከሆነ ሙቀቱ ከፍ ባለ ምድጃ ማድረቅ አይቻልም፤ ሜርኩሪው ይተናልና። የአካባቢው ዋልካ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ስለሚጠጥር፣ መውቀጡ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሙቀጫው ከብረት የተሠራ ከሆነ ደግሞ የሚፈለገው ብረት ከሙቀጫው ራሱ ወደ ናሙናው ሊገባ ይችላል። ከዚያ አፈሩ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ይነፋል፣ ይልማል፣ ይመዘናል፣ በአሲድ ይሟሟል፣ ይጣራል፣ በተወሰነ መጠን ይሞላል። ዕቃዎቹም በ10 በመቶ ናይትሪክ አሲድ ተዘፍዝፈው ያድራሉ። ስለዚህ የንባቡን ፍጥነት በእጥፍ የሚያሳድግ ውድ መሣሪያ ቢገዛም፣ ውጤቱ ለአትክልተኛው የሚደርስበት ቀን እምብዛም አይቀየርም።

ጊዜ የሚቆጠበው ከሁሉ በፊት ጥያቄውን በትክክል በመለየት ነው። «በዚህ አፈር ውስጥ ምን ያህል እርሳስ አለ?» የሚለውና «ጎመኑ ከዚህ አፈር ምን ያህል እርሳስ ሊወስድ ይችላል?» የሚለው ጥያቄ አንድ ዓይነት አሠራር አይጠይቁም። በናይትሪክና በሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚደረገው የተለመደው ማሟሟት በሲሊኬት ማዕድናት ውስጥ የታሰረውን ብረት ሙሉ በሙሉ አያወጣም። ሙሉ መጠኑን ለማግኘት ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ያስፈልጋል፤ ይህም ለጤና እጅግ አደገኛ ከመሆኑም በላይ መስተዋትን ይበላል። ከፍሳሽ ወይም ከፋብሪካ የመጣ ብክለት ግን በአብዛኛው በማዕድኑ ልብ ውስጥ ሳይሆን በአፈሩ ቅንጣቶች ገጽ ላይ ተለጥፎ ስለሚገኝ፣ ለብክለት ጥናት ቀላሉ አሠራር በቂ ነው። እንዲያውም ይሻላል ማለት ይቻላል። የአዲስ አበባ ዙሪያ አፈር ከባዛልት ድንጋይ የተገኘ በመሆኑ በተፈጥሮው ክሮሚየም፣ ኒኬልና ማንጋኒዝ ይዟል። ሙሉ በሙሉ ማሟሟት ይህን የተፈጥሮ ድርሻ ከብክለቱ ጋር ይቀላቅለዋል።

ማሟሟቱን በክፍት ዕቃ፣ በሆት ፕሌት ላይ፣ በ95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ማካሄድ የሥራ ቀኑን አብዛኛውን ክፍል ይወስዳል። አሲድ ይጨመራል፣ ይጠበቃል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይጨመራል፣ እንደገና ይጠበቃል። በመካከሉ መብራት ከጠፋ የዕለቱ ሥራ በሙሉ ጥርጣሬ ውስጥ ይገባል። በዝግ ዕቃ በማይክሮዌቭ የሚደረገው አሠራር ግማሽ ግራም አፈርን በ10 ሚሊሊትር አሲድ ውስጥ በ5 ደቂቃ ተኩል ገደማ ወደ 175 ዲግሪ ያደርሰውና ለ4 ደቂቃ ተኩል ያህል በዚያው ያቆየዋል። መቀዝቀዣው ከማሞቂያው የረዘመ ጊዜ ቢወስድም፣ በጠቅላላው ጥቂት ሰዓት ይበቃል። ዕቃው ዝግ ስለሆነ እንደ አርሴኒክና ሜርኩሪ ያሉት ተነው አያመልጡም፤ አቧራም አይገባም። በጀት ተገኝቶ አንድ ዕቃ ብቻ መግዛት የሚቻል ከሆነ፣ ከተራቀቀ የንባብ መሣሪያ ይልቅ ይህኛው ብዙ ቤተ ሙከራዎችን ይጠቅማል።

ብዙ የምርምር ሥራዎች ያለአስፈላጊ ወረፋ የሚጠብቁት በሌላ ምክንያት ነው፤ አፈርና ውኃ አንድ ዓይነት መሣሪያ ይፈልጋሉ የሚለው ግምት ያዘገያቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያወጣው መመሪያ ለእርሳስና ለአርሴኒክ በሊትር 10 ማይክሮግራም፣ ለካድሚየም 3 ማይክሮግራም፣ ለጠቅላላ ክሮሚየም 50 ማይክሮግራም ነው። የነበልባል አቶሚክ አብዞርፕሽን ለእርሳስ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያነበው ከዚህ ወሰን በጣም ከፍ ያለ መጠን ስለሆነ፣ አንድ የጉድጓድ ውኃ ለመጠጥ ይሆናል ወይስ አይሆንም ብሎ ለመወሰን አያስችልም። አፈር ላይ ግን ስሌቱ ይለወጣል። ግማሽ ግራም አፈር ተሟሙቶ 50 ሚሊሊትር ሲሞላ መጠኑ 100 እጥፍ ይቀጥናል። በኪሎግራም 50 ሚሊግራም እርሳስ ያለው አፈር በሙሙቱ ውስጥ በሊትር 500 ማይክሮግራም ይሰጣል፤ ይህም ከመጠጥ ውኃው ወሰን 50 እጥፍ ነው። ነበልባሉ ይህን ያለችግር ያነባል። በኪሎግራም ከ1 ሚሊግራም በታች የሚሆነው የአፈር ካድሚየም ግን በሙሙቱ ውስጥ በሊትር ከ10 ማይክሮግራም በታች ስለሚሆን ወደ ግራፋይት ፈርነስ መሄድ ይኖርበታል። ስለዚህ ዚንክን፣ መዳብን፣ ማንጋኒዝንና እርሳስን ከአፈር ለማንበብ አይ.ሲ.ፒ. ወዳለበት ተቋም ናሙና መላክና ወራት መጠበቅ በአብዛኛው አስፈላጊ አይደለም። ወረፋው ለውኃና ለካድሚየም ቢተው ለሁሉም ይሻላል።

የውኃው ወገን በተቃራኒው ሊቀር የሚችል ድካም አለበት። ድፍርስነቱ ከ1 ኤን.ቲ.ዩ. በታች የሆነ የመጠጥ ውኃ በናይትሪክ አሲድ ፒኤቹ ከ2 በታች እስኪሆን ከተዘጋጀና ቢያንስ ለ16 ሰዓት ከቆየ፣ ማሟሟት ሳያስፈልገው በቀጥታ ሊነበብ ይችላል። የሚያስፈልገው በመጀመሪያ ድፍርስነቱን መለካት ነው፤ ይህም የደቂቃ ሥራ ነው። የወንዝ ውኃ ግን፣ በተለይ በክረምት፣ ደለል ስለሚይዝ መሟሟቱ አይቀርለትም። የሚፈለገው የሟሟው ብረት ብቻ ከሆነም በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ የሚጣራው አሲድ ከመጨመሩ በፊት ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ አሲዱ ከደለሉ ላይ ብረት ያወጣና ናሙናው ሌላ ነገር ይሆናል። ይህ ስሕተት የሚፈጸመው ሜዳ ላይ በመሆኑ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ አያርመውም።

የጥራት ቁጥጥር ናሙናዎች ጉዳይ ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚያሻው ይመስላል፤ የሚባክነው ገንዘብና ጊዜ ዓይን ውስጥ የማይገባው እዚህ ነውና። በተለመደው አሠራር እስከ 20 ናሙና ለሚደርስ አንድ ምድብ ቢያንስ አንድ ባዶ፣ መጠኑ የታወቀ አንድ ማመሳከሪያ፣ አንድ ድጋሚና የታወቀ መጠን የተጨመረበት አንድ ናሙና አብረው ይሠራሉ። አራቱ የሚያስፈልጉት ምድቡ 20 ናሙና ቢኖረውም 3 ቢኖረውም ነው። አንድ ተማሪ 3 ናሙና ይዞ በመጣ ቁጥር ብቻውን ቢሠራ፣ ከ7ቱ ዕቃዎች 4ቱ፣ ማለትም ከግማሽ በላይ የሚሆነው አሲድ፣ ማይክሮዌቭና ድካም ለቁጥጥር ይውላል። 20 ናሙና ሲሞላ ግን ከ24ቱ 4ቱ ብቻ፣ አንድ ስድስተኛ ይሆናል። በዚህ ላይ መሣሪያውን በስታንዳርድ ማስተካከል በየጊዜው ይደገማል። አይ.ሲ.ፒ. ከሆነ ወጪው የበለጠ ይታያል። መሣሪያው በደቂቃ 15 ሊትር ያህል አርጎን ይበላል። 10,000 ሊትር ጋዝ የሚይዝ ሲሊንደር በዚህ ስሌት 11 ሰዓት ገደማ ይቆያል ማለት ነው። እስኪሞቅና እስኪረጋጋ በሚጠበቀው ግማሽ ሰዓት ብቻ 450 ሊትር ያልቃል፤ ለ3 ናሙናም ለ60ም ያው ነው።

መፍትሔው ቁጥጥሩን መቀነስ አይደለም። ማመሳከሪያ ናሙና የሌለው ውጤት ቶሎ ቢደርስም ማንም ሊተማመንበት አይችልም፤ ተመልሶ መሠራቱም አይቀርም። የሚሻለው ናሙናዎችን ማጠራቀም ነው፤ አሲድ የተጨመረበት ውኃ ለአብዛኞቹ ብረቶች እስከ 6 ወር፣ ለሜርኩሪ 28 ቀን ሊቆይ ስለሚችል፣ የተለያዩ ተማሪዎች ናሙና በአንድ ምድብ ቢሠራ የሚከለክል ሳይንሳዊ ምክንያት የለም። የሚጎድለው የጋራ መዝገብና «በዚህ ሳምንት ማክሰኞ የውኃ ምድብ ይሠራል» የሚል ቁርጥ ያለ መርሐ ግብር ነው። መርሐ ግብር ማውጣት በጀት አይጠይቅም፤ ምናልባትም ለዚህ ይሆናል በቁም ነገር የማይታየው።

ናሙናዎችን ማቀላቀልም ሥራን ይቀንሳል፤ የሚሠራበትንና የማይሠራበትን ቦታ ግን መለየት ያሻል። ከ5 ጉድጓዶች እኩል መጠን ያለው ውኃ ተቀላቅሎ እርሳሱ ቢለካና በሊትር ከ2 ማይክሮግራም በታች ቢሆን፣ ከአምስቱ አንዱም ከ10 ሊበልጥ አይችልም፤ በአንድ ንባብ አምስቱም ነፃ ይሆናሉ። በእርግጥ መሣሪያው 2 ማይክሮግራምን አሳምሮ ማንበብ የሚችል መሆን አለበት፤ ከወሰኑ ከበለጠም አምስቱም ለየብቻ ይሠራሉ። አፈር ላይ ይኸው ዘዴ ያታልላል። አራት ቦታዎች በኪሎግራም 20 ሚሊግራም፣ አምስተኛው 500 ሚሊግራም እርሳስ ቢኖራቸው ድብልቁ 116 ይሆናል። 20ው የተፈጥሮ መጠን ሊሆን ስለሚችል፣ 116 የሚለው ቁጥር መጠነኛ ብክለት በማሳው ሁሉ እንደተሰራጨ ያስመስላል። የተበከለው አንዱ ቦታ በአማካዩ ውስጥ ይሰወራል።

ለአፈር የሚሻለው አስቀድሞ በተንቀሳቃሽ ኤክስ.አር.ኤፍ. መለየት ነው። መሣሪያው የደረቀና የላመ አፈርን ያለ አሲድ፣ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያነባል። ከፍተኛ መጠን ያላቸውን ቦታዎች ያሳያል፤ የትኛው ሙሙት አስቀድሞ መቅጠን እንዳለበትም ይጠቁማል። ይህ ሁለተኛው ጥቅም ብዙም አይነገርለትም፤ ነገር ግን ከስታንዳርዱ ጣሪያ በላይ የወጣን ንባብ ቀጥኖ መድገም ከተለመዱት የጊዜ ማባከኛዎች አንዱ ነው። ጉድለቱም መታወቅ አለበት። እርጥበቱ ከ20 በመቶ የበለጠ አፈር ንባቡን ያዛባል። የአርሴኒክና የእርሳስ ዋና ዋና የጨረር መስመሮች 10.5 ኪሎኤሌክትሮንቮልት አካባቢ ስለሚደራረቡ፣ እርሳስ በበዛበት አፈር ውስጥ ጥቂት አርሴኒክን መለየት ያስቸግራል። ካድሚየምን ደግሞ በአፈር ውስጥ በተለመደው አነስተኛ መጠን አያየውም። ስለዚህ ኤክስ.አር.ኤፍ. የትኛው ናሙና ወደ አሲድ ይግባ ለሚለው መልስ ይሰጣል እንጂ የመጨረሻውን ቁጥር አይተካም።

ማጠራቀም የማይፈቀድበት አንድ ጉዳይ አለ፤ እሱም ክሮሚየም ነው። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በሚደርስበት ውኃ ውስጥ ጠቅላላ ክሮሚየምን መለካት ዋናውን ጥያቄ አይመልስም። ለቆዳ ማልፋት የሚውለው ባለ ሦስት ቫለንስ ክሮሚየም ሲሆን፣ ለሰው እጅግ አደገኛ የሆነው ባለ ስድስቱ ነው። አይ.ሲ.ፒ. ሁለቱን አይለይም። ናሙናው እንደ ሌሎቹ በአሲድ ከተዘጋጀ ደግሞ ባለ ስድስቱ ወደ ባለ ሦስቱ ሊለወጥ ስለሚችል፣ የሚፈለገው ነገር ጠርሙሱ ውስጥ ሳለ ይጠፋል። በዳይፌኒልካርባዛይድ ወይን ጠጅ ቀለም ሰጥቶ በ540 ናኖሜትር የሚያነበው ዘዴ የሚፈልገው በብዙ የኬሚስትሪ ክፍሎች የሚገኘውን ተራ ስፔክትሮፎቶሜትር ነው። ናሙናው የሚወሰደው ግን ለብቻው በተለየ ጠርሙስ፣ አሲድ ሳይጨመርበት፣ በበረዶ ቀዝቅዞ ነው፤ የተለየ ማቆያ ካልተጨመረበት በቀርም ንባቡ በ24 ሰዓት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ጠዋት ከሞጆ የተቀዳ ውኃ ከቀትር በኋላ አዲስ አበባ ሊነበብ ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ስፔክትሮፎቶሜትሩና ስታንዳርዶቹ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ተዘጋጅተው ከጠበቁ ነው።