ባለአክሲዮኖች ሳይወስኑበት የከሸፈ የግዢ ጥሪ



ሌላ ኩባንያ ለመግዛት የሚሻ ድርጅት ከዚያ ኩባንያ የዳይሬክተሮች ቦርድ ጋር ካልተስማማ፣ ቦርዱን ትቶ ባለአክሲዮኖቹን በቀጥታ «በዚህ ዋጋ ሽጡልኝ» ሊል ይችላል። እንዲህ ያለው ጥሪ ሲከሽፍ ባለአክሲዮኖቹ «ዋጋው አነሰን» ያሉ ይመስለናል። ዛሬ የማነሣው የኤርጋዝ ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2010 ኤር ፕሮዳክትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ የኢንዱስትሪ ጋዝ በሲሊንደር ለሚያከፋፍለው ለኤርጋዝ በአንድ አክሲዮን 60 ዶላር አቀረበ። በዋዜማው የገበያው ዋጋ ከ44 ዶላር በታች ነበር። ገዢው ዋጋውን ደጋግሞ ከፍ አድርጎ በዲሴምበር 70 ዶላር አደረሰውና «የመጨረሻዬ ነው» አለ። ቦርዱ ቢያንስ 78 ዶላር ያወጣል ሲል አልተቀበለውም።

ቦርዱን የጠበቀው በንግዱ ዓለም «የመርዝ ክኒን» የሚባለው ዘዴ ነው። ማንም ያለ ቦርዱ ፈቃድ ከ15 በመቶ በላይ ከያዘ፣ የቀሩት ባለአክሲዮኖች አዲስ አክሲዮን በግማሽ ዋጋ የመግዛት መብት ያገኛሉ፤ የገዢው ድርሻ በዚያው ልክ ይሳሳል። ቦርዱ ክኒኑን እስካላነሣ ድረስ ይህን የሚደፍር ገዢ አይገኝም። ቦርዱን መለወጥም ጊዜ ይፈጃል፤ ከዘጠኙ ዳይሬክተሮች በየዓመቱ ለምርጫ የሚቀርቡት ሦስት ብቻ ነበሩና። በሴፕቴምበር 2010 ኤር ፕሮዳክትስ ያቀረባቸው ሦስት ዕጩዎች ተመረጡ። የሚገርመው፣ እነርሱም ወንበሩን ከያዙ በኋላ 70 ዶላር ያንሳል አሉ። ከቦርዱ ክርክሮች ሁሉ እኔን የሚያሳምነኝ ይህ ነው።

የዴላዌሩ ቻንስለር ዊልያም ቻንድለር እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2011 ለቦርዱ ፈረዱ። በግል አስተያየታቸው ክኒኑ ተገቢ ተግባሩን ፈጽሟል፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቀደምት ውሳኔዎች ግን ያስገድዷቸው ነበር። ኤር ፕሮዳክትስም ጥሪውን ወዲያው አነሣ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረንሳዩ ኤር ሊኪድ ለዚያው አክሲዮን 143 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ብዙዎች ይህን አይተው «ቦርዱ ትክክል ነበር» ብለው ፋይሉን ይዘጋሉ። እኔ አልዘጋውም። በእነዚያ ዓመታት የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ በጠቅላላው ማደጉ አንድ ነገር ነው። ዋናው ጥያቄ ግን የዋጋ ሳይሆን የሥልጣን ነው፤ ባለቤት ንብረቱን በርካሽ የመሸጥ መብት አለውን? በጊዜው የኤርጋዝ አክሲዮን ግማሽ ያህሉ የግዢውን ወሬ ሰምተው በገቡ የአጭር ጊዜ ነጋዴዎች እጅ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም እነርሱ ቸኩለው ይሸጣሉ የሚለውን ሥጋት ተቀብሏል። እነርሱም ግን በሕግ ፊት ባለቤቶች ናቸው። የ143ቱን ዶላር ትርፍ ያገኘው ለዓመታት የታገሠው ባለአክሲዮን ነው፤ ጥሪው በተነሣ ሰሞን ከ70 ዶላር በታች የሸጠው ግን 70ውን ልውሰድ ወይስ ልጠብቅ ብሎ የመምረጥ ዕድል አላገኘም።