በፓሪስ የሚገኘው የኒኮላ ፍላሜል ቤት፦ ጽሑፉና አፈ ታሪኩ



በፓሪስ ከተማ፣ በሞንሞራንሲ ጎዳና ቁጥር 51፣ እ.ኤ.አ. በ1407 የታነጸ የድንጋይ ቤት ዛሬም ቆሞ ይገኛል። በከተማዋ ከቀሩት እጅግ ጥንታዊ ቤቶች አንዱ ነው፤ በ1911 በታሪካዊ ቅርስነት ተመዝግቧል። ዝናው ግን ከዕድሜው ይልቅ ካሠራው ሰው ጋር የተያያዘ ነው። ኒኮላ ፍላሜል ተራ ማዕድንን ወደ ወርቅ የመለወጥ ምስጢር የደረሰበት የአልኬሚ ሊቅ ነበር ይባላል።

እኔ ከሚባለው አስቀድሜ ግድግዳውን ማንበብ እመርጣለሁ። ከምድር ቤቱ በላይ በዘመኑ ፈረንሳይኛ የተቀረጸ ረጅም ጽሑፍ አለ። ነዋሪዎቹ በጉልበታቸው የሚያድሩ ወንዶችና ሴቶች መሆናቸውን፣ እያንዳንዳቸውም ስለ ሙታን ኃጥአን በየዕለቱ አንድ አባታችን ሆይና አንድ ጸሎተ ማርያም የማድረስ ግዴታ እንዳለባቸው ይገልጻል። ስለ ወርቅ አንዲት ቃል የለችበትም። ቤቱ የድኾች ማደሪያ ነበር፤ የምድር ቤቱ ሱቆች ኪራይ ለላይኞቹ ነዋሪዎች መደገፊያ ይውል ነበር። ፍላሜል ራሱ የኖረውና የሠራው በሌላ ሰፈር፣ በቅዱስ ያዕቆብ ዘቡሽሪ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው።

ታዲያ ሀብቱ ከየት መጣ? ፍላሜል ቁም ጸሐፊና መጻሕፍት ሻጭ ነበር። ማተሚያ ገና ባልታወቀበት ዘመን፣ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ፣ ይህ ሙያ እንጀራ የሚያወጣ ነው። ሚስቱ ፔርኔል ደግሞ ከእርሱ በፊት ሁለት ባሎች ሞተውባት ስለነበር ንብረት ይዛ ነው ያገባችው። ሁለቱ ቤትና መሬት እየገዙ አከራዩ። እርስዋ በ1397፣ እርሱ በ1418 አረፉ።

ስለ ወርቁ በሰፊው የተነገረው ከዚያ በኋላ ነው። በ1612 በፓሪስ በፍላሜል ስም አንድ መጽሐፍ ታተመ። መጽሐፉ ፍላሜል በ1382 ሚስቱ ባለችበት ባዜቃን መጀመሪያ ወደ ብር፣ ቆይቶም ወደ ወርቅ እንደለወጠ ራሱ የሚተርክ አስመስሎ ያቀርባል። ሰውዬው ከሞተ 194 ዓመት ሆኖታል! በ1761 ቪላን የተባሉ ካህን የኑዛዜና የውል ሰነዶችን መርምረው ታሪኩን ቢሞግቱም አፈ ታሪኩ አልሞተም።

ይህን እንደ ጨዋታ ብቻ ብናየው ግድ ባልነበረኝ። ነገር ግን አፈ ታሪኩ የቁም ጸሐፊውን ድካም በአንድ ድንጋይ ተክቶታል። ፔርኔልንም የሀብቱ ባለድርሻ መሆኗን አስረስቶ የምስጢር ምስክር ብቻ አድርጓታል። የዕለት ሠራተኞቹንማ ማን ያነሣቸዋል?

የፍላሜል የመቃብር ድንጋይ ዛሬ በክሉኒ ሙዚየም ይገኛል። በላዩ ክርስቶስ ከጴጥሮስና ከጳውሎስ መካከል፣ ፀሐይና ጨረቃም ተቀርጸዋል። በአልኬሚ ቋንቋ ፀሐይ ወርቅ፣ ጨረቃ ብር ናቸውና ምልክት ፈላጊዎች በዚያ ቢያተኩሩ አይደንቅም። ከሥዕሉ በታች ያለው ጽሑፍ ግን ሟቹን ጸሐፊ ብሎ ይጠራዋል፤ ቀጥሎም ለቤተ ክርስቲያንና ለሆስፒታል የተናዘዛቸውን ቤቶችና የኪራይ ገቢዎች ያነሣል።