የብስክሌት ኮርቻ አቀማመጥና የጉልበት ሕመም፦ ከደጋው ዳገት አንጻር

ብስክሌት ጋላቢ ጉልበቴን አመመኝ ሲል አሰልጣኙ አስቀድሞ የሚነካው ኮርቻውን ነው። ልማዱ መሠረት የለሽ አይደለም። ሆኖም በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ መንገዱ ወደ ሸለቆ ወርዶ እንደገና አምባ በሚወጣበት አገር፣ ኮርቻን ብቻ ማስተካከል የሥራው ግማሽ ነው። ይህ ጽሑፍ የኮርቻ አቀማመጥ በጉልበት መገጣጠሚያ ላይ የሚያሳድረውን ጫና ያብራራል፤ በዳገት ላይም ከማርሽ አመራረጥ ተነጥሎ ሊታይ የማይገባበትን ምክንያት ያሳያል።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት የሜልቦርን ኦሊምፒክ (እ.ኤ.አ. 1956) ከሯጮች ጎን ብስክሌተኞችም ተሰልፈው ነበር። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. ክረምት፣ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ጉዳዩ ግን የብስክሌት ተወዳዳሪዎች ብቻ አይደለም። የተጎዳ ሯጭ እግሩን ሳያሳርፍ ከመሬት ምት እንዲያርፍ ሲፈለግ የሚታዘዝለት ቋሚ ብስክሌት ነው። ኮርቻው ቀደም ሲል ለተጠቀመው ሰው እንደተስተካከለ ከቀረ፣ ለማገገሚያ የታዘዘው እንቅስቃሴ ራሱ የሕመም ምንጭ ሊሆን ይችላል።

የችግሩ ስፋት በአንድ የኖርዌይ ጥናት ይታያል። ክላርሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ 109 ፕሮፌሽናል የጎዳና ብስክሌተኞችን ጠይቀው 94 የድግግሞሽ ጉዳቶችን መዝግበዋል። ከእነዚህ 45 በመቶው የታችኛው ጀርባ፣ 23 በመቶው ደግሞ የጉልበት ጉዳት ነበር። ጋላቢውን ከልምምድና ከውድድር ያስቀሩት ጉዳቶች ብቻ ሲቆጠሩ ግን የጉልበት ድርሻ ወደ 57 በመቶ ከፍ ብሏል። ጀርባ በብዛት ያማል፤ ከሥራ የሚያስቀረው ግን በአመዛኙ ጉልበት ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የጉልበት ሎሚን አሠራር ማየት ይበቃል። የፊት ጭን ጡንቻዎች ቅልጥምን ወደ ፊት ሲገፉ ኃይላቸው የሚያልፈው በሎሚው በኩል ነው። ጉልበት ይበልጥ በታጠፈ ቁጥር ከሎሚው በላይና በታች ያሉት ጅማቶች የሚሠሩት ማዕዘን ይጠብባል፤ በመሆኑም ተመሳሳይ የጡንቻ ኃይል ሎሚውን ከጭን አጥንት ጋር ይበልጥ አጥብቆ ያጣብቀዋል። ዝቅ ያለ ኮርቻ ጉልበቱን በእያንዳንዱ ዙር ከሚገባው በላይ ያጥፈዋል። በደቂቃ 90 ዙር የሚመታ ጋላቢ በአንድ ሰዓት አንዱን ጉልበት 5,400 ጊዜ ያጥፋል፤ በአንድ ዙር የማይታወቅ ትርፍ ጫና በሦስት ሰዓት ልምምድ ከ16,000 ጊዜ በላይ ይደገማል።

የሕመሙ ቦታ ራሱ ይጠቁማል። ከሎሚው ዙሪያ ወይም ከፊት የሚሰማ ሕመም ኮርቻው ዝቅ ማለቱን ወይም ወደ ፊት መጠጋቱን ያስጠረጥራል። ቋንጃ አካባቢ የሚሰማ ከሆነ በተቃራኒው ኮርቻው ከፍ ብሎ ወይም ወደ ኋላ ርቆ እግሩ ከመጠን በላይ እየተዘረጋ ሊሆን ይችላል። ኮርቻው በጣም ከፍ ሲል ዳሌ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ይህ ከኋላ ሆኖ ለሚመለከት ሰው በግልጽ ይታያል።

ለልኬቱ በሰፊው የታወቀው ሐምሌይና ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረቡት ነው፦ ከወለል እስከ ብሽሽት ያለው ርዝመት 109 በመቶ፣ ከታችኛው ፔዳል እስከ ኮርቻው አናት። ብሽሽቱ 80 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው 87.2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሜትር ብቻ ስለሚጠይቅ ለእኛ ምቹ ነው፤ ነገር ግን ብሽሽታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች የጭን፣ የቅልጥምና የእግር መዳፍ ርዝመታቸው ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ውጤቱን በማዕዘን መፈተሽ ይሻላል። ፔዳሉ ከታች ሲሆን ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋበት ከ25 እስከ 35 ዲግሪ የታጠፈ እንዲሆን ይመከራል። ይህ ጋላቢው ቆም ብሎ ሲለካ ነው፤ በሚጋልብበት ጊዜ እጥፋቱ በጥቂት ዲግሪዎች ይጨምራል። ኮርቻውን አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ መግፋት ከፍታውንም ወደ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ እንደመጨመር መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ዳገቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ኤሪክሰንና ኒሴል እ.ኤ.አ. በ1987 በቋሚ ብስክሌት ላይ ባደረጉት ጥናት በሎሚው ላይ የሚያርፈውን ጫና ኮርቻ ዝቅ ማለቱም የሥራው ክብደትም ጨምሮታል። በአንጻሩ ታምቦሪንዴጊና ቢኒ እ.ኤ.አ. በ2011 አነስተኛ የከፍታ ለውጦች በዚሁ ጫና ላይ ጉልህ ልዩነት አላመጡም ብለዋል። ሁለቱ የግድ አይጋጩም፤ በቀላል ሥራ ላይ የማይታይ ልዩነት በከባድ ሥራ ላይ ሊታይ ይችላልና። ስሌቱ ቀላል ነው። 200 ዋት የሚያመነጭ ጋላቢ በሜዳ ላይ በደቂቃ 90 ዙር ሲመታ፣ 17 ሴንቲ ሜትር በሆነ የፔዳል ክንድ ላይ የሚያስፈልገው አማካይ ኃይል 125 ኒውተን ገደማ ነው። ቀላል ማርሽ አጥቶ ያንኑ 200 ዋት በዳገት ላይ በ50 ዙር ለማውጣት ሲታገል ኃይሉ ወደ 225 ኒውተን ይወጣል። ኮርቻው አልተነካም፣ ማዕዘኑም አልተለወጠም፤ ጉልበቱ የሚሸከመው ግን ወደ እጥፍ ተጠግቷል። በሜዳ ከተማ ጋላቢውን ያላስቸገረው የ2 ሴንቲ ሜትር ጉድለት በእኛ ዳገት ላይ የሚያስነክስበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ስለዚህ የጉልበት ሕመም ያለበትን ጋላቢ የሚመረምር ሰው ከኮርቻው ከፍታ ጎን የኋላውን ትልቁን ጥርስ መቁጠርና በዳገት ላይ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚመታ ማስላት ይኖርበታል። አንድ ብስክሌት ለብዙ ሰልጣኞች በሚውልበት ቦታ የእያንዳንዱን ሰልጣኝ ከፍታ በኮርቻው ዘንግ ላይ በቀለም ወይም በፕላስተር ምልክት ማድረግ ምንም ወጪ የለውም። በማደግ ላይ ያለ ታዳጊ ብሽሽቱ በየጊዜው እንደገና ይለካ፤ ያምናው ምልክት ለዘንድሮ እግር አይሆንም። ለውጡ በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሜትር ባይበልጥና ለጥቂት ቀናት ቢታይ ይመረጣል፤ ኮርቻም ማርሽም በአንድ ቀን ከተቀየሩ የትኛው እንደረዳ መለየት አይቻልም። ጉልበቱ ካበጠ፣ ከተቆለፈ ወይም በእረፍት ጊዜም የሚያም ከሆነ ግን ጉዳዩ ከኮርቻ አልፏልና ጋላቢው ወደ ሐኪም ይላክ።