የኬላው ሠራተኛና የዘይት ቀለሙ

የዘይት ቀለም ሥዕል ሰው በትርፍ ጊዜው ሊማረው የሚችል ሙያ ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት ቀለሙ ራሱ ነው። የዘይት ቀለም የሚባለው የደቀቀ የቀለም ዱቄት በተልባ ዘይት ተለውሶ የሚሠራ ነው። ተልባን ሁላችንም እናውቃታለን። ዘይቷ እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን የሚባለውን ጋዝ እየሳበ ቀስ በቀስ ይጠጥራል። ስለዚህ ቀለሙ ለመድረቅ ቀናት፣ ሲወፍር ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። ቀን በሥራ የሚውል ሰው ማታ የጀመረውን በማግሥቱ ሊያርመው፣ ሲደርቅለትም በላዩ ሊደርብበት ይችላል። ብቻ አንድ ሕግ አለ፤ ዘይቱ ያነሰው ቀለም ከሥር፣ ዘይቱ የበዛው ከላይ ይሁን። ይህ ከተገለበጠ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ኋላ ይሰነጣጠቃል።

ታዲያ መማሩስ ይሁን፤ ለሰው ማሳየቱስ? ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። በጎልማሳነቱ ፊደል የቆጠረ ሰው ጽሕፈቱን ለማሳየት እንደሚያፍር ሁሉ፣ ጀማሪ ሠዓሊም «ይስቁብኛል» እያለ ሥራውን ይደብቃል። ስለዚህ ጉዳይ የአንድ ሰው ታሪክ እንንገራችሁ። ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

አንሪ ሩሶ በ1844 ላቫል በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቆርቆሮ ሠሪ ነበር። ሩሶ ራሱ በፓሪስ ኬላ ወደ ከተማው በሚገባ ዕቃ ላይ ቀረጥ የሚቀበል ተራ ሠራተኛ ነበር። የሥዕል ትምህርት ቤት አልገባም። በ1884 ግን በሉቭር ሙዚየም የታላላቅ ሠዓሊዎችን ሥራ እያየ እንዲገለብጥ ፈቃድ አገኘ። ያን ጊዜ ዕድሜው 40 ነበር።

በዚያን ዘመን በፓሪስ ትልቁ የሥዕል ኤግዚቢሽን ዳኞች ነበሩት። ዳኞቹ ያልወደዱት ሥዕል አይሰቀልም። በዚያው በ1884 ሠዓሊዎች ተሰባስበው ዳኛም ሽልማትም የሌለበት «የነጻ ሠዓሊዎች» ኤግዚቢሽን አቋቋሙ። መዋጮውን የከፈለ ሁሉ ሥራውን ይሰቅላል። ሩሶም በ1886 ገባበት። ከዚያ ወዲህ እስኪሞት ድረስ የቀረባቸው ዓመታት ጥቂት ናቸው።

ተመልካቹ ምን አለ? ሳቀ። «የሰዎቹ እግር መሬት አይረግጥም፤ ቅርብና ሩቁ አይለይም» ተባለ። ሩሶ ግን የተሳለቁበትን ጽሑፍ ሳይቀር ከጋዜጣ እየቆረጠ በደብተሩ ይለጥፍ ነበር። ደግሞም ሌላ ሥዕል ይዞ ይመለሳል።

በ1891 በዝናብና በመብረቅ መካከል ጫካ ውስጥ ያደባ የእስያ ነብር ሥሎ አቀረበ። እንዲህ ያለ ጫካ በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ ቅጠላ ቅጠሉን ያጠናው በፓሪስ የዕፅዋት ማሳያ ቦታ ነው። በዚህ ጊዜ ቫሎቶን የተባለ ወጣት ሠዓሊ በጋዜጣ አመሰገነው። ሥዕሉ ዛሬ በለንደን ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም ይገኛል።

ሩሶ በ1893 ከኬላው ሥራ ወጥቶ ሙሉ ጊዜውን ለሥዕል ሰጠ። በ1897 በጨረቃ ብርሃን በረሃ ላይ የተኛች ሴትና የሚያሸታት አንበሳ ሣለ። ይህን ሥዕል የተወለደባት ከተማ እንድትገዛው ለከንቲባው ጻፈ። አልተቀበሉትም። ያ ሥዕል ዛሬ በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተሰቅሏል። ፒካሶ ደግሞ አንዱን የሩሶ ሥዕል ያገኘው አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ነጋዴ ዘንድ ነው፤ ሸራው ሌላ ሥዕል ለመሣል ይጠቅማል ተብሎ በርካሽ ተሸጠለት። በ1908 ፒካሶ ለሩሶ ክብር ግብዣ አደረገ። ሩሶ በ1910 በድህነት ሞተ።

ከዚህ ምን እንረዳለን? ኤግዚቢሽን ተምሮ ለጨረሰ ሰው ብቻ አይደለም፤ ለሚማርም ትምህርት ቤት ነው። ቤት ውስጥ ብቻውን ያማረ ሥዕል ከሌሎች ጎን ሲሰቀል ጉድለቱም ጥንካሬውም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሳቅ ደግሞ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ ምስጋናም ቢሆን አንዳንዴ እጅግ ዘግይቶ ይመጣል። ሩሶ እሱን ቁጭ ብሎ ቢጠብቅ ኖሮ አንዱንም ባልሣለ ነበር።

እንግዲህ በአካባቢያችሁ የሥዕል ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ አትሽሹ። ካላችሁ ሥራ ሁለት ሦስቱን ምረጡ። ያልደረቀ ቀለም ሲጓጓዝ ይበላሻልና በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ። በሸራው ጀርባ ስማችሁን፣ የሥዕሉን ርዕስና ዓመቱን በእጃችሁ ጻፉ። ከዚያ ይዛችሁ ሂዱ።