«በነቂስ ወጡ» እና «ወድደው ወጡ»፤ ከኮሎምበስ ጎረቤቶቻችን የተማርነው

ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

ወጋችንን ከራሳችን ጉድ እንጀምር። ወደዚህ ከተማ ከመጣን ብዙም ሳንቆይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት በራችንን አንኳኩ። ሁለት ቤት አልፎ የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። በአንድ እጃቸው ጓንት፣ በሌላው የቆሻሻ ላስቲክ ይዘዋል። የሰፈሩ ሰው ከቤቶቻችን ጀርባ ያለውን መተላለፊያ ሊያጸዳ ስለሆነ፣ ጊዜ ካለን እንድንቀላቀል ሊነግሩን ነበር የመጡት። ከአፋችን ያመለጠው የመጀመሪያ ጥያቄ «የቀረ ሰው ምን ይደረጋል?» የሚል ሆነ። ሴትዮዋ ግራ ገባቸው። «ምንም አይደረግም፤ ካልተመቻችሁ ሌላ ቀን ትመጣላችሁ» አሉን።

ጥያቄያችን ከየት እንደ መጣ የእኛ ትውልድ ሰው ያውቀዋል። በደርግ ዘመን ልጆች ሳለን ከቀበሌ ስብሰባ የቀረ ሰው ስሙ ይያዝ ነበር። አድገን በኢሕአዴግ ዘመን ከአንድ የመንግሥት ጋዜጣ የአዘጋጅነት ወንበር ላይ ስንቀመጥ ደግሞ፣ ያንኑ ነገር እያሳመርን ለሕዝብ አቀረብነው። «ነዋሪዎች በነቂስ ወጥተው መንገድ ጠረጉ»፣ «አርሶ አደሮች በራሳቸው ተነሣሽነት እርከን ሠሩ» እያልን ስንት ርእስ እንዳወጣን ቤቱ ይቍጠረው። ዘጋቢው ከመስክ ሲመለስ ሰዉ በስም ዝርዝር እየተጠራ እንደ ወጣ፣ የቀረውም ነገ ጉዳዩ እንዳይጓተትበት ፈርቶ እንደ መጣ በሹክሹክታ ያጫውተን ነበር። እኛ ግን «በነቂስ» የምትለዋን ቃል አንድ ቀንም ሰርዘን አናውቅም። ይህን የምናነሣው ኑዛዜ ለማሰማት ብቻ አይደለም። በጎ ፈቃድ የሚባለው ነገር በእኛ አገር እንዴት እንደ ተበላሸ፣ በስደት ላይም እንዴት ሊታደስ እንደሚችል ለመነጋገር ነው።

ቀበሌ ሳይኖር እድር ነበር

እንደሚታወቀው ለኢትዮጵያዊ መረዳዳት ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። ደቦው፣ ወንፈሉ፣ ማኅበሩ፣ እቁቡ ሁሉ የእኛው ነው። በተለይ እድር ከተሜው በየሰፈሩ ራሱ ዳኛና ጸሐፊ መርጦ፣ ራሱ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ፣ ድንኳንና ወንበር ገዝቶ ያቆመው ተቋም ነው። በንጉሡ ዘመን የአዲስ አበባ እድሮች ከቀብር አልፈው በሰፈር ልማትም ይሳተፉ ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲታወጅ ግን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ቀበሌ፣ ተቋቋመ። የሰፈሩ ጉዳይ ሁሉ ወደ ቀበሌ ዞረና እድር ወደ ድንኳኑና ወደ ሣጥኑ ተገፋ። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ለሰፈሩ ሥራ የሚወጣው ሲታዘዝ ሆነ። የታዘዘ ሰው ደግሞ አዛዡ ዞር ሲል አካፋውን ይጥላል። ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም፤ የእኔ ነው ብሎ የጀመረው ነገር ስላልሆነ ነው።

የጀርመኖቹ ሰፈር

እዚሁ ኮሎምበስ፣ ከመሀል ከተማው በስተደቡብ፣ «ጀርመን ቪሌጅ» የሚባል ሰፈር አለ። በጡብ የተነጠፉ ጠባብ መንገዶች፣ በጡብ የተሠሩ ትንንሽ ቤቶች፣ መሀሉ ላይ ደግሞ በጀርመናዊው ባለ ቅኔ በሺለር ስም የተሰየመ መናፈሻ አለው። እንግዳ የመጣበት ኢትዮጵያዊ ሁሉ ወስዶ ፎቶ ያነሣበታል። ታሪኩ ግን ከፎቶው ይበልጣል፤ የስደተኛ ታሪክ ነውና።

ሰፈሩን የመሠረቱት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራቸውን ጥለው የመጡ ጀርመኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1848 በጀርመን የተነሣው አብዮት ሲከሽፍ እንደ እኛው በፖለቲካ ምክንያት ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ብዙዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1865 ከኮሎምበስ ሕዝብ ሲሶው ጀርመን እንደ ነበር ይነገራል። ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በቋንቋቸው ጋዜጣ አሳተሙ፤ ቢራ ጠመቁ። እ.ኤ.አ. በ1848 ያቋቋሙት የወንዶች የዝማሬ ማኅበር ዛሬም ድረስ አለ።

እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካ ጀርመን ላይ ጦርነት ስታውጅ ግን ያ ሁሉ ተናጋ። ጀርመንኛ ከትምህርት ቤት ታገደ፤ የጀርመንኛ መጻሕፍት በአደባባይ ተቃጠሉ። የሺለር መናፈሻ «ዋሽንግተን» ተባለ። የቢስማርክ ጎዳና «ላንሲንግ»፣ የካይዘር ጎዳና «ሊር» ተባሉ። መናፈሻው ስሙን መልሶ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው፤ ጎዳናዎቹ ግን በአዲሱ ስማቸው ቀሩ። ቀጥሎ የመጣው የመጠጥ ክልከላ ደግሞ የቢራ ፋብሪካዎቹን ዘጋ። አቅም ያለው ሰፈሩን ለቅቆ ሄደ፤ ቤቶቹ አረጁ። በ1950ዎቹ ከተማው የሰፈሩን ሲሶ ያህል አፈረሰው።

የተረፈውን ማን አዳነው? ጎረቤት። ፍራንክ ፌች የሚባል ሰው «አበቃለት» በተባለው ሰፈር ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት ገዝቶ አደሰ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1960 እርሱና ጎረቤቶቹ የሰፈሩን ማኅበር አቋቋሙ። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ስምንት የታደሱ ቤቶችንና ሁለት የአትክልት ቦታዎችን ለሕዝብ ክፍት አድርገው አስጎበኙ። ልብ በሉ! የነበራቸው ስምንት ቤት ብቻ ነበር። ግን ሰው መጥቶ አየ፤ ጋዜጣ ጻፈ፤ ከተማውም ያረጀውን ቤት ማንም እንደ ፈለገው እንዳያፈርስ የሚቆጣጠር ኮሚሽን በሕግ አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1974 ሰፈሩ በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ ሰፈረ። የቤቶቹ ጉብኝት ከስድሳ ዓመት በኋላም የበጋ ዝግጅት ሆኖ ቀጥሏል። እንግዳውን የሚያስተናግዱት፣ የመናፈሻውን አበባ የሚኮተኩቱት ደመወዝ የማይከፈላቸው ነዋሪዎች ናቸው። በበጋ ምሽትም በመናፈሻው ውስጥ ያለ ትኬት ቴአትር ይታያል፤ የፈቀደ የፈቀደውን ይሰጣል።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ እንከን የለሽ አይደለም። ሰፈሩ ሲያምር ዋጋው ሰማይ ነካ፤ ያኔ ቤቶቹን የሠሩትን የመሰሉ ላብ አደሮች ዛሬ እዚያ ቤት መግዛት አይችሉም። ቢሆንም ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። ስደተኛው ያመጣው ቋንቋና ስም በአንድ የጦርነት ዘመን ተገፈፈ። ሰፈሩን ያተረፈው ከሁለት ትውልድ በኋላ የዘር ሐረግ ሳይጠያየቁ የተሰባሰቡ ጎረቤቶች ሥራ ነው።

እኛስ?

በኮሎምበስ ያለነው ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደለንም። ከተማዋ በአሜሪካ ከሚኒያፖሊስ ቀጥሎ ብዙ ሶማሌዎች የሚኖሩባት ናት፤ የቡታን ኔፓሎችም በብዛት ይገኙባታል። ጥሩ ሥራም ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 በኢትዮጵያውያን የተቋቋመው «ኢትዮጵያን ተዋሕዶ ሶሻል ሰርቪስስ» ስሙ የእኛ ቢሆንም፣ ደጁ ከየትም አገር ለመጣ ስደተኛ ክፍት ነው። ልጆችን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ማስጠናት፣ እንግሊዝኛ ማስተማር፣ ሥራ ማገናኘት ሥራው ነው። «ዘርህ ምንድን ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ሰው የሚያገለግል ድርጅት በእኛው ሰዎች እጅ ሊመሠረት እንደሚችል ማስረጃው ከዚህ ሌላ አያስፈልግም።

ነገር ግን ከ2020 እስከ 2022 (እ.ኤ.አ.) አገር ቤት የነደደው ጦርነት እዚህም ጭሱ ደርሶናል። አብረን ቆርበን፣ አብረን እቁብ ጥለን የኖርን ሰዎች መንገድ ላይ ስንተያይ ፊት ማዞር ጀመርን። በዚያ ሰሞን እኛም የወላጅ እናታችንን መርዶ ተረዳን። ቤታችን ለዓመታት የገቡ የወጡ፣ እንጀራ የቆረስንላቸው አንዳንድ ወዳጆች በጻፍነው ነገር ተቀይመው ለቅሶ ሳይደርሱን ቀሩ። እኛም ብንሆን ቀደም ሲል የአንዱን ለቅሶ በተመሳሳይ ምክንያት ቀርተን ነበርና የምንወቅሰው ሰው የለም። በሦስተኛው ቀን በራችን ተንኳኳ። የጓንቷ ሴትዮ ናቸው። ያበሰሉትን ምግብ በፎይል ሸፍነው ይዘው ቆመዋል። ቋንቋችንን አያውቁም፤ ፖለቲካችንን አያውቁም። ምንጣፉ ላይ ከተቀመጡት ሴቶች ጎን ዝም ብለው አንድ ሰዓት ተቀመጡ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የምትለው ተረት የገባችን ያን ቀን ነው።

ስለዚህ ለሰላማዊ ሰልፍ ዋሽንግተን ድረስ አውቶቡስ ተኮናትረን የምንሄድ ሰዎች፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ወዳለው የሰፈር ስብሰባ ለምን አንሄድም? ኮሎምበስ በየአካባቢው ነዋሪዎች ያለ ክፍያ የሚያገለግሉባቸው የአካባቢ ኮሚሽኖች አሏት። ውሳኔያቸው ምክር እንጂ ሕግ አይደለም። ነገር ግን አንድ ሕንፃ ለምን ሥራ ይዋል፣ መንገዱ ይሰፋ አይስፋ የሚለው ነገር ወደ ከተማው ምክር ቤት ከመድረሱ በፊት ብዙ ጊዜ እዚያ ይነገራል። ስብሰባው ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም ስም አይይዝም። ችግሩም እዚያው ላይ ይመስለናል፤ ስም ካልተያዘ አንወጣም።

ሰልፉ ይቅር አላልንም፤ ለአገራችን መጮኽ ግዴታችን ነው። ግን ነፃ አገር እንመሠርታለን የምንል ሰዎች የነፃ ሰው ሥራ መለማመጃችን ሰፈራችን ነው። እድራችን የተቃዋሚም የደጋፊም ሬሳ ያንሣ። ወጣቶቻችን በሳምንት አንድ ሰዓት የሶማሌውንም የኔፓሉንም ልጅ ሒሳብ ያስጠኑ። እኛ አዛውንቶቹም ጓንታችንን እናጥልቅ።

የቅዳሜው ጽዳት አሁንም አለ። በመጨረሻው ላይ አምስት ሰው ብቻ ነበርን፤ ሁለቱ ኢትዮጵያውያን ነን። የድሮው አዘጋጅ ብንሆን ኖሮ «ነዋሪዎች በነቂስ ወጡ» ብለን እንጽፍ ነበር። አሁን ግን እንዲህ እንላለን፤ አምስት ሰዎች ወድደው ወጡ፤ መተላለፊያውም ጸዳ።

ቸር ይግጠመን!