ወደ አክሲዮን የሚለወጥ ብድርና ያልታየው ዕዳ

አበዳሪው ሲፈልግ ገንዘቡን በአክሲዮን መውሰድ የሚችልበት ብድር ወለዱ ዝቅ ስለሚል ተበዳሪን ይማርካል። ሆኖም በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ሙሉውን ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ የሚከተል ድርጅት ይህን መብት ከብድሩ ለይቶ መመዝገብ አለበት። ጥያቄው፣ መብቱ ካፒታል ነው ወይስ ዕዳ? የሚለው ነው።

በምሳሌ እንመልከተው። በሐይቅ ከተማ የዓሣ ማቀዝቀዣ ለመትከል የተቋቋመ አክሲዮን ማኅበር ከአንድ የውጫሌ ነጋዴ 1 ሚሊዮን ብር ተበደረ እንበል። ነጋዴው ከፈለገ ብድሩን በ10,000 አክሲዮን ይለውጣል። ብሩም የአክሲዮኑ ብዛትም አስቀድሞ ስለተወሰነ መብቱ ካፒታል ውስጥ ይገባል፤ ዋጋውም በየዓመቱ አይከለስም።

ብድሩ በውጭ አገር ከሚኖር የአምባሰል ተወላጅ በዶላር የተገኘ ቢሆንስ? ሒሳቡን በብር ለሚይዝ ማኅበር የዶላሩ ምንዛሪ የተወሰነ አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚህ ጊዜ መብቱ ዕዳ ይሆናል፤ በየሒሳብ መዝጊያው በወቅቱ ዋጋ ይተመናል።

ውሉ ሲፈረም 150 ሺህ ብር የተገመተው መብት፣ የማኅበሩ ሥራ ሰምሮ አክሲዮኑ ሲወደድ፣ 400 ሺህ ብር ደረሰ እንበል። የ250 ሺህ ብሩ ልዩነት ኪሳራ ተብሎ ይመዘገባል። ከካዝና የወጣ ሳንቲም ባይኖርም፣ ከሥራው 200 ሺህ ብር ያተረፈው ማኅበር የ50 ሺህ ብር ኪሳራ ያሳያል። ይህን የዘለለ ሒሳብ ሹም ባለአክሲዮኖችን የሌለ ትርፍ ያካፍላል።

ስለዚህ ከወለዱ በፊት የመለወጫውን አንቀጽ ማንበብ ይበጃል።